«በልቶ»ን በኮድ ምን እንበለው? የሰዋስዎችን ስያሜ ስለ ማስማማት

ኮምፒውተር እንዲሠራበት የብዙ ቋንቋዎችን ሰዋስው በአንድ ፕሮጀክት ሥር ሲጽፉ የስም አለመመሳሰል ቶሎ ይገለጣል። አንዱ ጾታን በሙሉ ቃል፣ ሌላው በአንዲት ፊደል ይጽፈዋል፤ ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም (ኮምፓይለሩ) ይጮሃል፣ ይታረማል። የሚያስፈራው ስሙ ገጥሞ ትርጉሙ ሲለያይ ነው፤ ያኔ የሚጮህ የለም።

«በልቶ»ን እንይ። በሰዋስዋችን ቦዝ አንቀጽ ነው። ስለ ሴማዊ ቋንቋዎች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሥራዎች ግን ብዙ ጊዜ «ጄረንድ» ይሉታል። የእንግሊዝኛው ጄረንድ ወደ ስም ያደላ ስለሆነ የሚቀርበው ለ«መብላት» ነው። መለየት ቀላል ነው፦ «መብላትን»፣ «የመብላት» ይባላል፤ «የበልቶ» አይባልም። «በልቶ» እንደ ባለቤቱ ይረባል፤ በልቼ፣ በልተህ፣ በልታ፤ «በልቶ ሄደ» እያለም ማሰሪያ ግሥ ይጠብቃል። የብዙ ቋንቋዎችን ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ዓይነት ምልክት በሚተነትነው ዩኒቨርሳል ዲፔንደንሲስ ለዚህ የሚስማማው እሴት የኮንቨርብ፣ ማለትም ሌላ ግሥን የሚያጅብ የግሥ ቅርጽ፣ ምልክት የሆነው «ኮንቭ» ነው። የእንግሊዝኛዎቹን ሥራዎች ስም ተከትሎ የጄረንድን ምልክት «ጄር»ን የለጠፈ ሰው በቋንቋዎች መካከል ፍለጋ ሲደረግ «በልቶ»ን ከእንግሊዝኛው «ኢቲንግ» ጋር ያሰልፈዋል። ስለዚህ ስያሜ ሲመረጥ የሚፈተነው ቅርጹ የሚሠራው ሥራ ነው፤ የቆየው መጠሪያ በማብራሪያ መስመር ላይ ይቀመጥ።

የስም አለመመሳሰል በቋንቋ ኮድም አለ። ለቋንቋዎች ባለ ሦስት ፊደል ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት በአይኤስኦ 639-2 ውስጥ 20 ቋንቋዎች ሁለት ሁለት ኮድ አላቸው፤ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና ቻይንኛ ከእነዚህ ናቸው። ሌላው የዚሁ መስፈርት ክፍል አይኤስኦ 639-3 ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይወስዳል። የግራማቲካል ፍሬምወርክ (የብዙ ቋንቋዎች ሰዋስው በኮድ የሚጻፍበት የፕሮግራም ቋንቋ) የኮድ ቤተ መጻሕፍት ለጀርመንኛ ሞጁሎቹ፣ ማለትም የኮድ ክፍሎቹ፣ የሚጠቀመው 639-3 የተወውን ነው። በመሆኑም ሁለት የቋንቋ መረጃ ስብስቦችን የሚያገናኝ ትንሽ ፕሮግራም የኮድ ማዛመጃ ሠንጠረዥ ይፈልጋል። አማርኛ ባለ አንድ ኮድ ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ስም ወደ መለወጡ ሲገባ መጀመሪያ አሮጌውን ስም፣ አዲሱን ስምና ትርጉሙን የያዘ ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ይሠራ። ቀጥሎ የፈተና ዛፎች (ለመፈተኛ የተዘጋጁ የዓረፍተ ነገር መዋቅሮች) በሙሉ ወደ ዓረፍተ ነገር ተለውጠው ውጤቱ ይቀመጥ። ለውጡ ሁሉም ቋንቋዎች ከሚጋሩት ሞጁል ይጀምርና ወደ እያንዳንዱ ቋንቋ ይውረድ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሮቹ እንደገና ይውጡ፤ ከተቀመጡት ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ዜሮ መስመር መሆን አለበት። አንድ መስመር እንኳ ከተለወጠ ሰዋስው ተነክቷልና ያ ለውጥ ለብቻው ይመዝገብ።

በጭፍን ፈልጎ መተካት ብዙ ያበላሻል። ዩኒቨርሳል ዲፔንደንሲስ በሁለተኛው ስሪት «ኮንጅ» የተባለውን የቃል ክፍል፣ የአቻ መስተጻምርን ምልክት፣ «ሲኮንጅ» አለው። ሙሉ ቃል ሳይለይ የተካ ሰው የበታች መስተጻምሩን «ኤስኮንጅ»ን «ኤስሲኮንጅ» ያደርግበታል፤ ትንሽና ትልቅ ፊደል ካልለየ ደግሞ በትንሽ ፊደል የሚጻፈውን፣ በመስተጻምር የተያያዙ ቃላትን የሚያገናኘውን የ«ኮንጅ» ግንኙነትም ይነካዋል። ስለዚህ መተካቱ በዓምድ ተወስኖ፣ ከሙሉ ቃል ጋር ብቻ ይሁን። ሁለት ስሞች የሚለዋወጡ ከሆነም በጊዜያዊ ሦስተኛ ስም በኩል ካላለፉ ሁለቱም አንድ ሆነው ይቀራሉ።

ከመተካቱ በኋላ በእያንዳንዱ ቃል ላይ የሚጻፉት ባሕርያት (ቁጥር፣ መደብ፣ አሉታ የመሳሰሉት) እንደገና በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ይደርደሩ። በዚያው ሁለተኛ ስሪት የአሉታ ባሕርይ «ኔጋቲቭ» «ፖላሪቲ» ሲባል ቦታውም ተቀይሯል፦ ድሮ ከ«ነምበር» እና ከ«ፐርሰን» በፊት ይጻፍ የነበረው አሁን ከሁለቱም በኋላ ይመጣል። በአሮጌው ቦታ ከተተወ ማረጋገጫው ፕሮግራም ፋይሉን አያሳልፈውም።