በዚህ ክረምት የምጫወታቸው

የሐምሌ ደሴ ሰውን በጊዜ ቤቱ የምትከት ከተማ ናት። ከጦሳ የሚወርደው ጉም ከሰዓት በኋላ ሰፈሩን ሲሸፍነውና ዝናቡም ሲታከልበት፣ ከሥራ ተመልሶ እንደገና ለመውጣት የሚነሣ ሰው ብዙ አይደለም። በዚህ ምክንያት እኔም ሆንሁ የቅርብ ሰዎቼ በክረምት ከበጋው የበለጠ ጌም እንጫወታለን፤ ስንገናኝም ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «አሁን ምን እየተጫወትህ ነው?» የሚል ነው። ዘንድሮ ለጥያቄው ያለኝ መልስ መንገድ ላይ ቆሞ ከሚነገረው በላይ ስለረዘመብኝ በጽሑፍ ላሰፍረው ፈለግሁ።

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ደግሞ ኮምቦልቻ፣ በአንድ ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ጌም የልጅ ሥራ ነው የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ፤ እነርሱ ራሳቸው ከምሳ በኋላ ከረንቡላ ቤት ተራ ሲጠብቁ ስለማያቸው ክርክሩን አልገፋበትም። አንድ ነገር ግን ለእነርሱም ለእኔም እውነት ይመስለኛል፤ ጨዋታ የሚጥመው አጠገብ ሆኖ የሚያይ፣ የሚጠይቅ ወይም የሚተች ሰው ሲኖር ነው። በዚህ ክረምት ጀምሬ የተውኋቸው ጨዋታዎች ሁሉ ከማንም ጋር ያላወራሁባቸው ናቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወንድሜ ልጅ ጋር ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ፕሌስቴሽን ቤት እሄዳለሁ። የቤቱ ሕግ የታወቀ ነው፤ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል። ኮናሚ የተባለው ኩባንያ ፔስ የሚባለውን የእግር ኳስ ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ2021 ኢፉትቦል ብሎ በነጻ ለቆታል፤ ተፎካካሪው ኩባንያ ኢኤም ከፊፋ ጋር የነበረው የስም ውል ካበቃ በኋላ ከ2023 ጀምሮ የራሱን የእግር ኳስ ጨዋታ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ እያለ ያወጣል። ይህ ሁሉ ለውጥ ግን እዚያ ቤት አልደረሰም። እዚያ የሚከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፔስ 2013 ሲሆን፣ ደንበኛውም ቢሆን አዲሱን አልጠየቀም። አሮጌው መሣሪያ ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ቅብብሉም ከብዙዎቹ ተከታዮቹ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁንና ጨዋታውን ቤቴ ወስጄ ብቻዬን ከኮምፒዩተር ጋር ብጋጠም ግማሽ ሰዓት የምቆይበት አይመስለኝም። ሁለት ኳስ ከገባብኝ በኋላ ከጀርባዬ የሚነሣው ሳቅና «ጋሼ፣ አሠልጣኙን ያባሩት!» የሚለው ጩኸት ነው በየሳምንቱ የሚመልሰኝ።

ይኸው የወንድሜ ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚውለው ፍሪ ፋየር ላይ ነው። ጋሪና የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ይህ የስልክ ጨዋታ 50 ተጫዋቾችን አንድ ደሴት ላይ ጥሎ፣ የመቆሚያውን ስፍራ እያጠበበ፣ በ10 ደቂቃ ያህል ውስጥ አንድ አሸናፊ ያስቀራል። ደካማ ስልክ ላይ እንዲሠራ ሆኖ መዘጋጀቱ በእኛ አካባቢ ለምን እንደተስፋፋ ያስረዳል። እኔ አልወደድሁትም። ዐይኔም እጄም ለዚያ ፍጥነት አልታደሉም፤ ደግሞም ልጆቹ ለገጸ ባሕርዩ ልብስ ለመግዛት ዳይመንድ፣ ዳይመንድ (የጨዋታው ውስጥ መገበያያ) እያሉ ሲያወሩ የምሰማው ነገር ያሳስበኛል። ባለቤቴ በበኩሏ ካንዲ ክራሽ የተባለውን የስልክ ጨዋታ አትተውም። አምስቱ ነፍሶች፣ ማለትም የመሞከሪያ ዕድሎቿ፣ ሲያልቁባት አንዲቱ እስክትመለስ 30 ደቂቃ መጠበቅ አለባት፤ በዚያ መካከል ቡናው ይፈላል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ አልነቅፍም።

ማታ ማታ ላፕቶፑ ላይ የያዝሁት ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ተማሪ ሳለሁም ተጫውቼዋለሁ፤ ያኔ ኢትዮጵያ በውስጡ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአፍሪካ መንግሥታት ላይ ያተኮረ ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ ኢትዮጵያውያን ከማሊዎች፣ ከበርበሮችና ከፖርቱጋሎች ጋር አብረው ገቡ። ይህን ክፍል ያገኘሁት ዘግይቼ፣ ከአንድ ጓደኛዬ ላፕቶፑን ስገዛው ተጭኖበት ነው። ጨዋታው በይነመረብ ሳይኖርም ይሠራል፤ መብራት በየምሽቱ በማይታመንበት ወቅት ደግሞ የላፕቶፑ ባትሪ አንድ ውጊያ ያስጨርሳል።

አካሄዱን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በጥቂት ሠራተኞች ይጀመራል፤ እነርሱ ምግብ፣ እንጨት፣ ወርቅና ድንጋይ ይሰበስባሉ፣ ቤትና የጦር ሰፈር ይሠራሉ፤ መንግሥቱም በአራት ዘመናት ውስጥ እያለፈ ይጠነክራል። ኢትዮጵያውያን ወደ አዲስ ዘመን በተሻገሩ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ በስጦታ ያገኛሉ፤ ቀስተኞቻቸውም ከሌሎች በ18 በመቶ ፈጥነው ይወረውራሉ። ሾተል የያዘው እግረኛቸው ደግሞ በአጭር ጊዜ የሚሠለጥንና ብርቱ የሚመታ ሲሆን፣ መከላከያው ደካማ በመሆኑ ቶሎ ይወድቃል። እኔ ስጦታውን ወርቅ ወዲያው ቀስተኛ ላይ አውለዋለሁ፤ ጠላት ገና እንጨት ሲቆርጥ ደጃፉ እደርሳለሁ። አዘጋጆቹ ኢትዮጵያን በቀስተኛ ማስታወቃቸው ግን አልተዋጠልኝም። ጋሻና ጦር ይዞ በፈረስ የሚዋጋውን ሠራዊት ቢያስቀድሙ ኖሮ ከማውቀው ታሪክ ጋር ይበልጥ ይቀራረብ ነበር፤ ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ፈረስ መፈለጉ አይቀርም መሰለኝ።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ሠራተኞቹም ወታደሮቹም ሲታዘዙ በአማርኛ መመለሳቸው ነው። መጀመሪያ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጌ ስለነበር ባለቤቴ ከማድ ቤት «ማነው የመጣው?» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እርሷም አንዳንድ ጊዜ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፤ በተለይ የዮዲት ታሪክ ሲሆን። ጨዋታው ለኢትዮጵያውያን የመረጠው ባለታሪክ ዮዲት ናት፤ ከአገሯ ተገፍታ በስደት ትወጣለች፣ ጦር አሰባስባም አክሱምን ለመያዝ ትመለሳለች። በልጅነታችን የሰማነው ዮዲት አክሱምን አጥፍታ አብያተ ክርስቲያናትን ማቃጠሏን ነበር፤ እዚህ ደግሞ በእርሷ ወገን ቆሜ፣ የእርሷን ሠራዊት እየመገብሁ፣ አክሱምን የማስከብበው እኔ ነኝ። ባለቤቴ በዚህ ላይ ከእኔ ጋር አልተስማማችም። «ታሪኩን የሚነግረን እንግዲህ ወዳጇ ነዋ» ብላ ሳቀች፤ እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ከእርሷ ወገን ሆኖ ነገሩን ማየት አይጎዳም ባይ ነኝ። ክርክሩ አላለቀም፤ የመጨረሻውንም ምዕራፍ ገና አልከፈትነውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በዚህ ክረምት ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሰጠሁት ስታርዲው ቫሊን ነው። ይህን ጨዋታ ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ታሪኩንም፣ ኮዱንም ለብቻው ከአራት ዓመት በላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 አወጣው። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ከ40 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል። የእኔ የስልኬ ላይ ነው፤ ውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ስልኩን ሲልክልኝ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ጭኖልኝ ነበር። እኛ ያለን ካርድ እንዲህ ላለ ግዢ ስለማያገለግል፣ ጥሩ ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደዚህ የሚደርሱት በዘመድ እጅ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። በከተማ ቢሮ ሥራ የተሰላቸ ሰው አያቱ ወዳወረሱት የእርሻ መሬት ይሄዳል፤ መሬቱ ዳዋ ውጦታል፤ ይመነጥራል፣ ይቆፍራል፣ ይዘራል፣ ያጠጣል። የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ መሆኔን ያወቀ ሰው ለምን እንደወደድሁት ሌላ ማብራሪያ የሚጠይቀኝ አይመስለኝም። የጨዋታው አንድ ቀን 14 ደቂቃ ያህል ነው፤ በጠዋት ሰርቪስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ከዶሮ መዝለያ በታች ያለው ጥምዝምዝ ዐይኔን ካላዞረው በቀር ሁለት ቀን አርሼ ሥራ እገባለሁ። ዓመቱ እያንዳንዳቸው 28 ቀን ያላቸው አራት ወቅቶች አሉት፤ አንዱ ወቅት ሲያልቅ ለዚያ ወቅት ብቻ የተሠራው ሰብል በአንድ ሌሊት ደርቆ ያድራል።

አባቴ የኩታበር ገበሬ ናቸው። ሰኞ ገበያ በመጡ ቁጥር እኛ ዘንድ ምሳ በልተው ይመለሳሉ። አንድ ሰኞ የስልኩን ማሳ ሲያዩ መነጽራቸውን አውጥተው ወደ ብርሃኑ ጠጋ አደረጉት፤ ከዚያ የመጣው የጥያቄ ብዛት ከየትኛውም ተጫዋች ጋር ካደረግሁት ወግ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በሬዎቹስ?» የሚል ነበር። በሬ የለም። ላም አለ፣ ዶሮ አለ፣ በግና ፍየል አለ፤ መሬቱ የሚታረሰው ግን በመቆፈሪያ፣ አንድ አንድ ካሬ እየተመታ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው መቆፈሪያውን አንጥረኛው ዘንድ ወስዶ በመዳብ፣ በብረት፣ በወርቅ ያስጠነክረዋል። አባቴ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ቀጥለው ስንዴው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቁ፤ አራት ቀን አልሁ። ድንቹስ? ስድስት ቀን። ሳቃቸው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። «እንዲህ ያለ መሬት ካለ እኔንም ውሰደኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጥያቄ ግን የቀልድ አልነበረም። ዝናቡ በጨዋታው ውስጥ በዘፈቀደ ይመጣል፤ ሲመጣ ያጠጣልሃል፣ ሲቀር ባልዲህን ይዘህ ኩሬ ትሄዳለህ፤ ኩሬው ደግሞ አይነጥፍም። አባቴ እዚህ ላይ ቆሙ። ደጋው ወሎ በበልግም በመኸርም የሚያርስ አገር ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው የበልግ ዝናብ የዘገየ ወይም የተቋረጠ እንደሆነ ገብሱ ይቀራል፤ ገብሱ ሲቀር ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ረጅም ይሆናሉ። «ዝናብ ቢቀር የማይርበው ገበሬ ምኑ ያስጨንቀዋል?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀሁት መልስ አልነበረኝም። ጨዋታው የተሠራው ሰውን ከጭንቀት እንዲያሳርፍ ነውና ረኀብ እንዲኖርበት አልጠብቅም፤ ሆኖም እርሳቸው ካሉት በኋላ ባልዲዬን ይዤ ወደ ኩሬው በሄድሁ ቁጥር ነገሩ ትዝ ይለኛል።

የወቅቱ መለወጫ ሲደርስ የደረቀውን ማሳ አሳየኋቸው። «ውርጭ መትቶታል» አሉ ወዲያው፣ በተረጋገጠ ነገር ላይ እንደሚናገር ሰው። የወፍ ማስፈራሪያውንም አይተው ከምን እንደሚጠብቅ ጠየቁ፤ ከቁራ ብቻ መሆኑን ስነግራቸው «ጃርቱስ? ዝንጀሮውስ?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ሲመጡ ከምሳ በፊት ማሳውን ያያሉ፤ የተዘራውን ይጠይቃሉ፤ መስመሩ ከተጣመመ ይናገራሉ። ስልክ መንካት አይወዱም፤ በጣት ያመለክታሉ፣ እኔ እሠራለሁ። ባለፈው ጊዜ ዱባውን ከበቆሎው ሥር ዝራው አሉኝ፤ ጨዋታው ግን ለአንድ ካሬ አንድ ዘር ብቻ ስለሚፈቅድ በየመካከሉ አሰባጥሬ ዘራሁላቸው፤ ያ እንኳ አላረካቸውም።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ በሬ ያለበት፣ በልግና መኸር የሚፈራረቁበት፣ ደቦ የሚጠራበት አንድ ጨዋታ እዚሁ አገር ቢሠራ እላለሁ። የማይቻል አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ዶሮን ባለታሪክ አድርጎ ኩኩሉ የተባለውን የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፣ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። የባሮን ሥራ እንደሚያሳየው ደግሞ ለእርሻ ጨዋታ የግድ ትልቅ ኩባንያ አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ያለው አንድ ሰውም ይበቃል። ያ ሰው ከተነሣ የኩታበርን ማሳ የሚያስረዳው አማካሪ እኔ ዘንድ አለ፤ ዋጋውም ምሳ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ልጫወተው የምመኘው ሲቪላይዜሽን 6 ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዳግማዊ ምኒልክ መሪ ሆነው ገብተውበታል፤ ከተሞቻቸውን ኮረብታ ላይ ሲቆረቁሩም ተጨማሪ ጥቅም ያገኛሉ። ለደሴ ሰው የተሠራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የእኔ ላፕቶፕ ግን አይሸከመውም፤ አዲስ መግዣ እስኪገኝ እዚያው እርሻዬ ላይ እቆያለሁ። አሁን በጨዋታው ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ገብቷል፤ ዱባ ለመድረስ 13 ቀን ስለሚወስድ ከወቅቱ 15ኛ ቀን በኋላ የተዘራ ሁሉ ከንቱ ነው። ዘሩን ገና አልገዛሁም፤ ሰኞም ደርሷል።