የተረፈው ህዋሱ ነው ወይስ ያለቀው ፐርኦክሳይዱ?

ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት ሕመም) በያዘው መገጣጠሚያ ውስጥ የካርቲሌጅ (የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ አካል) ህዋሳት ጎጂ የኦክስጅን ውሁዶች ይበዙባቸዋል፤ በዚህ ጫና ከፊሎቹ ይሞታሉ፣ የቀሩትም በዙሪያቸው ያሉትን፣ ኮላጅንና አግሪካን የተባሉትን የካርቲሌጁን መገንቢያ ፕሮቲኖች የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ያበዛሉ። በቤተ ሙከራ ያጠናሁት ኤን-አሴቲልሲስቴይን ይህን ጉዳት ይገታ እንደሆነ ነው። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ለወሰዱ ሕሙማን የሚሰጥ፣ ጠባዩ በሚገባ የታወቀ መድኃኒት ከመሆኑም በላይ፣ ህዋሱ ግሉታታይዮን የተባለውን የራሱን መከላከያ የሚሠራበትን ሲስቴይን የተባለ አሚኖ አሲድ ያቀርባል።

ህዋሳቱን ያገኘሁት ከቄራ ከመጣ የበሬ ጉልበት ነው። መገጣጠሚያው ሲከፈት ካርቲሌጁ ነጭ፣ አንጸባራቂና የሚያዳልጥ ነው፤ በስለት ስስ አድርጌ እየላጥሁ ከሥሩ የአጥንቱ ቅላት ብቅ ሲል አቆማለሁ። ቁራጮቹ ኮላጅንን አፍርሶ ህዋሳቱን በሚለቅቀው ኮላጅኔዝ በተባለ ኢንዛይም ውስጥ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያድራሉ። ህዋሳቱ በሳህን ላይ ደጋግመው ከተባዙ ተለጥጠው ይረዝማሉ፣ ዓይነት 2 ኮላጅን መሥራት ትተውም ወደ ዓይነት 1 ያዘነብላሉ፤ በዚህ ምክንያት ገና ትኩስ ሳሉ ተጠቀምሁባቸው።

ለጉዳቱ የመረጥሁት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ነው፤ ጥንቃቄ የሚጠይቀውም ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በየቤተ ሙከራው የሚገኘው የህዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ፓይሩቬት (ህዋሱ ለጉልበት የሚጠቀምበት ውሁድ) አለበት፤ ፓይሩቬት ደግሞ ከፐርኦክሳይድ ጋር በቀጥታ ተዋህዶ ያጠፋዋል። ስለዚህ ፓይሩቬት የሌለበትን ፈሳሽ ተጠቀምሁ። መድኃኒቱም አሲድ በመሆኑ ሲሟሟ አሲድነትን የሚያሳይ ቀለም ያለበትን ቀዩን የማሳደጊያ ፈሳሽ ወዲያው ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፤ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 7.4 ካልመለሱት ህዋሱን የሚጎዳው ምን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። የህዋሱ ብዛትም እንዲሁ ቀላል ነገር አይደለም፤ ህዋሳት ራሳቸው ፐርኦክሳይድን ስለሚያፈርሱ፣ ሳሳ ባለ ሳህን ላይ ገዳይ የሆነ መጠን ጥቅጥቅ ባለው ላይ ምንም ላያደርስ ይችላል።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ግን አጠባው ነው። መድኃኒቱና ፐርኦክሳይዱ አብረው በሳህን ውስጥ ሲቆዩ ህዋሳቱ በብዛት ተረፉ፤ መድኃኒቱ አስቀድሞ ተሰጥቶ፣ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ፐርኦክሳይዱ ሲጨመር ግን ጥበቃው ታየ፣ መጠኑ ግን በግልጽ አነሰ። ልዩነቱ በአብዛኛው ኬሚስትሪ ይመስለኛል፦ ፐርኦክሳይዱ ህዋሱ ዘንድ ሳይደርስ ፈሳሹ ውስጥ መድኃኒቱ እየበላው ነበር። የህዋሱን መከላከያ ማጠንከር የምለው መድኃኒቱ ታጥቦ ከወጣ በኋላም የታየውን ጥበቃ ብቻ ነው። በሕይወት ያሉትን ለመለካት የሚያገለግለው የኤምቲቲ ቀለምም ቢሆን፣ ሐምራዊ መሆን ያለበት ሕያው ህዋስ ሲኖር ሆኖ ሳለ፣ ከእንዲህ ዓይነት ውሁድ ጋር ህዋስ በሌለበት የሳህኑ ጉድጓድ ውስጥም ሐምራዊ ሊሆን ስለሚችል፣ ባዶ ጉድጓዶችን ሁልጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።

ጤነኛ ካርቲሌጅ የደም ሥር ስለሌለው ህዋሱ የሚኖረው በዝቅተኛ ኦክስጅን ነው፤ እንደ ውጭው አየር ኦክስጅን የበዛበት ተራ ኢንኩቤተር (ህዋሳት የሚያድጉበት ሙቅ ሳጥን) በራሱ ጫና ነው ማለት ይቻላል። ከሳህን እስከ ሕመምተኛ ያለውም መንገድ ሩቅ ነው፤ በአውስትራሊያ ለ2 ዓመት፣ እሱም ጎጂ የኦክስጅን ውሁዶችን የሚከላከለውን ቫይታሚን ኢ የወሰዱ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ ቫይታሚኑ የካርቲሌጁን መመናመን እንዳልገታ አሳይቷል። ስለዚህ ቀጣዩን ሥራ ህዋሱ ከነዙሪያው በሚገኝበት የካርቲሌጅ ቁራጭ ላይ፣ በ5 በመቶ ኦክስጅን ጀምሬዋለሁ።