ቁጥሩ ወርዷል

«ቁጥሩ ወርዷል እኮ! በሚገባ እየወሰዱ ነው» አለ ካርዱን የያዘው ባልደረባችን። ደሴ ውስጥ ነው፤ ጤና ተቋሙ ስሙ ይቅር። እማማ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ተደግፈው ይተነፍሳሉ። ዕድሜ ልክ የማገዶ ጭስ የበላው ሳንባ ነው።

የእማማ ተርቡሄለር፣ ማለትም የዱቄት መድኃኒት በትንፋሽ የሚሳብበት ዕቃ፣ የሚቆጥረው መዞሩን ነው። ቀጥ ብሎ ተይዞ የታችኛው ክፍል እስከ መጨረሻው ዞሮ «ቀጭ» ብሎ ሲመለስ አንድ መጠን ይጫናል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ይሳብ አይሳብ አያውቅም። ሲነቀነቅ የሚንሿሿውም መድኃኒቱ ሳይሆን እርጥበት መጣጩ ነው፤ ባለቀውም ዕቃ ውስጥ ይሰማል። ካርዱ ላይ ግን «አጠቃቀም፦ ጥሩ» የሚለው ምልክት ተደርጎበታል።

የዕቃው አፍ ላይ ስስ ጥቁር ጨርቅ አድርገው እንዲስቡ ተጠየቁ። እማማ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ በዝግታ፣ ሳይቸኩሉ ሳቡ። ለሚረጨው የትንፋሽ መክፈቻ፣ ለሳልቡታሞል፣ ቢሆን እንከን የለሽ ነበር። ጨርቁ ላይ ነጭ የሚባል ነገር የለም፤ ዱቄቱ አልወጣም።

«እማማ፣ ይኼኛው በኃይል ነው የሚሳበው፤ ገና ከመጀመሪያው።»

«ቀስ ብለው ይሳቡ ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም እንዴ ልጄ?»

መልስ የሰጠ የለም። ትክክል ናቸዋ! የሚረጨው በራሱ ግፊት ይወጣልና ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ ዱቄቱን ግን የሚበትነው የታማሚው ትንፋሽ ብቻ ነው። ተርቡሄለር ቢያንስ በደቂቃ 30 ሊትር ይፈልጋል፣ ደህና የሚሠራው በ60 ነው። እማማ በኃይል ሲሞክሩ ሳል ያዛቸው።

ያው ባልደረባችን «እንግዲያው ለመሳብ የሚቀለውን ሌላ የዱቄት ዕቃ፣ ብሪዝሄለርን፣ እንስጣቸው» አለ። ደካማ ሳንባ ቀላል ዕቃ ይሻለዋል የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ ዕቃ ግን ዱቄቱን ለመበተን የባሰ ፈጣን ትንፋሽ ይጠይቃል። የአየር መንገዱ ጠበብ ያለው ሌላው የዱቄት ዕቃ፣ ሃንዲሄለር፣ ሲሳብ ከበድ ቢልም በደቂቃ በ20 ሊትር ዱቄቱን የያዘው ካፕሱል ይርገበገባል።

በመጨረሻ ሐኪሙ ወደሚረጨው መለሳቸው፣ የተረጨውን ይዞ ከሚያቆይ የግማሽ ሊትር የውሃ ላስቲክ ጋር። የጠርሙሱ ቂጥ በኢንሄለሩ አፍ ልክ ይበሳል፤ ዙሪያው አየር እንዳያስገባ ይታሸጋል። አንድ ጊዜ ይረጫል፣ በጠርሙሱ አንገት አራት አምስት ጊዜ በዝግታ ይተነፈሳል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይረጫል። በሳሙና ታጥቦ ሳይወለወል በራሱ ይደርቃል፤ ከተወለወለ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

እማማ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። ተርቡሄለሩን የላከችላቸው ጅዳ ያለችው ልጃቸው ናት።

«ስትደውል ምን ልበላት? በደመወዝሽ የገዛሽውን ትቼ የውሃ ላስቲክ እየማግሁ ነው ልበላት?»