የጎጃም ቀይ አፈርና የብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች

የጎጃም ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ በአሲዳማ ማሳ ላይ የሚጨመረው ማዳበሪያ ፎስፈረሱ ለሰብሉ ሳይደርስ የሚቀረውም በአብዛኛው የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶች በገጻቸው ላይ አጥብቀው ስለሚይዙት ነው። ለአራሹ ጉዳት የሆነው ይህ ጠባይ ለተበከለ ውኃ መድኃኒት መሆኑ ከኬሚስትሪ ሁሉ ይልቅ ይማርከኛል።

ምሥጢሩ የገጽ ስፋት ነው። ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ጎናቸው 10 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ወደሆኑ ኩቦች ቢከፋፈል ግን 600 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ውኃውን የሚበክሉት ማቅለሚያ፣ አርሴኒክና ፎስፌት የሚጣበቁትም በዚሁ ገጽ ላይ ነው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ሌላ ኦክሳይድ ደግሞ ከመያዝ ያልፋል፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት የማቅለሚያውን ሞለኪውል የሚበጣጥሱ ንቁ የኦክስጅን ውሁዶችን ያስገኛል፣ እርሱ ግን ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) በመሆኑ በሥራው አያልቅም።

ችግሩ ቅንጣቶቹን ከውኃው መልሶ መልቀሙ ነው። ማግኔታይት የተባለው የብረት ኦክሳይድ በማግኔት ስለሚሰበሰብ ለዚህ እጅግ ይመቻል፤ ከተሰበሰበ በኋላ የያዘውን ፎስፌት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አጥቦ ማስለቀቅና እንደገና መጠቀም ይቻላል። በየዙሩ አቅሙ ጥቂት በጥቂት ስለሚቀንስ፣ ይህንኑ ቅነሳ የማያሳይ የሙከራ ውጤት አያረካኝም። በተጣራ ውኃ ብቻ የተደረገ ሙከራም አይበቃም፤ በክረምት ደፍርሶ የሚወርደው የዓባይ ውኃ ከባሕር ዳር በታች ደለልና የበሰበሰ ቅጠል ይዞ ስለሚሄድ፣ እነዚህም ለዚያው ገጽ ይሻማሉ።