«በርቺ» ማለቱን የተውኩባት ሌሊት

ታናሽ እህቴ እኩለ ሌሊት ላይ ደወለችልኝ። አታለቅስም፣ አታወራም። ቁርጥ ቁርጥ የሚል ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ባሏ ጥሏት ከሄደ ሁለት ሳምንቱ ነበር። በዚያው ሰሞን ከሥራም ተቀንሳለች።

ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ የሹራቧን እጅጌ ክር በክር ትተረትራለች። እኔ ገና ከመግባቴ ምክሬን ጀመርኩ። «አይዞሽ፣ በርቺ! ከዚህ የባሰ የደረሰበት ስንት ሰው አለ!» እኔ ባወራሁ ቁጥር እሷ ትርቃለች። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያኔ ደነገጥኩ። አፌን ዘጋሁና አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ብዙ ቆየን። ከዚያ ራሷ «ሲነጋ ያስጠላኛል» አለች። «ጠዋት ጠዋት ምን ይሰማሻል?» ብዬ ብቻ ጠየቅኳት። ጉሮሮዋን አንቆ እንደሚይዛት፣ ሆዷ ውስጥ ባዶ ባዶ እንደሚላት ነገረችኝ። ቀጥላም «ሁላችሁም ያለ እኔ ይሻላችኋል» አለች።

ይሄን ስሰማ ምላሴ ተሳሰረ። ቃሉን ካነሳሁት ሐሳቡን እኔው የማስገባባት መሰለኝ። ግን ጠየቅኳት። «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» «አዎ» አለች። ትከሻዋ ወረደ፤ በዚያ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እፎይታ እንደሚሰጥ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ራሷን ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ሁሉ ከቤት አወጣሁ። እስኪነጋ ለደቂቃ እንኳ ብቻዋን አልተውኳትም። አንድ ስህተት ግን ሠራሁ። «ለማንም እንዳትናገሪ» ስትለኝ «እሺ» አልኩ። ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን እንዲህ ዓይነት ቃል አይገባም። ጠዋት ወደ አእምሮ ሐኪም ይዣት ስሄድ ቃሌን አፈረስኩ። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። «ብቻዬን አልችለውም፣ የሚረዳን ሰው እንጨምር» ብላት ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1942 ቦስተን ውስጥ በአንድ የምሽት ክበብ እሳት ተነስቶ 492 ሰው አለቀ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኤሪክ ሊንደማን የተረፉትንና ዘመድ የሞተባቸውን አነጋግሮ በ1944 ያየውን ጻፈ። የጉሮሮ መታነቅ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የሆድ ባዶነት። ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ። እህቴ ያለችው እኮ ነው! ሌላው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጀራልድ ካፕላን ደግሞ ቀውስ የሚመጣው ሰው የለመደው መላ ሁሉ ሲያልቅበት ነው ይላል። እንደ እሱ አባባል ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ሰው እርዳታን ይበልጥ የሚቀበለውም በዚያን ወቅት ነው። እህቴ በሁለተኛው ሳምንት ላይ ነበረች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው «የመጀመሪያ ሥነ ልቦናዊ እርዳታ» (ጭንቅ ለደረሰበት ሰው ወዲያው የሚሰጥ ድጋፍ) መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ያስቀምጠዋል፦ መመልከት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰዎች የደረሰባቸውን በዝርዝር እንዲናገሩ ማስገደድ እንደማይገባም ይናገራል። እኔ «ባልሽ ምን አለሽ? ከዚያስ?» እያልኩ ልቆፍር ዳር ዳር ብዬ ነበር። እንኳን ተውኩት።

ሕክምናው ወራት ፈጀ። አሁን ደህና ናት። እኔ ግን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መደወሌን አልተውኩም። አንዳንዴ «ተኝቼ እኮ ነበር!» ብላ ትቆጣኛለች።