ከገደሉ ሥር የቀበርኩት 300 ሜትር ደለል

ከስምጥ ሸለቆ ተፋሰስ በታች የተሰወሩ ስብራቶችን ፍለጋ የመጀመሪያውን የስበት ልኬት ስሠራ ሐሳቤ ሁሉ መሣሪያው ላይ ነበር። ግራቪሜትር ውስጥ ያለች ትንሽ ሞላ ከቦታ ቦታ በሚለያየው ስበት ስትለጠጥ መጠኑን ያነባል። በየጣቢያው እግሮቹን አደላድዬ፣ የውኃ ልኩን አረፋ መሃል አስገብቼ፣ ከነፋስ በሰውነቴ ከልዬ ሦስት ተከታታይ ንባቦች እስኪስማሙ እጠብቃለሁ። ሞላዋ ቀኑን ሙሉ ቀስ በቀስ ስለምትላላ በየሁለት ሰዓቱ ወደ መነሻው ጣቢያ ተመልሼ እለካለሁ። የፀሐይና የጨረቃንም ስሕበት በስሌት እቀንሳለሁ። ይህን ሁሉ ሳላጓድል በመፈጸሜ ውጤቱን አምኜው ነበር።

መስመሩ ከገደሉ አናት ተነሥቶ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ ሜዳውን እያቋረጠ እስከ ተፋሰሱ መሃል ይዘልቃል። ጣቢያዎቹ በ1 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ንባቡን በወረቀት ላይ ስስለው በገደሉ ግርጌ ጠባብ ዝቅታ፣ በተፋሰሱ መሃል ሰፊ ከፍታ ታየ። ደለል ከመሠረተ አለት ይቀላል፤ ስለዚህ ዝቅታውን ጥልቅ ጉድጓድ፣ ከፍታውን ወደ ላይ ብቅ ያለ የመሠረት አለት አድርጌ ሣልኩ። ሁለቱም ስሕተት ነበሩ።

የመጀመሪያው ስሕተት የመጣው ከመልክዓ ምድር እርማት ነው። ከገደል ሥር የቆመ መሣሪያን ከበላዩ ያለው ተራራ ወደ ላይ ስለሚስበው ንባቡ ይቀንሳል። እርማቱን ያሰላሁበት የከፍታ ካርታ እያንዳንዱ ካሬ 1 ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው፤ በዚያ ካርታ ላይ ቀጥ ያለው ገደል የተዳፈነ ጉብታ ይመስላል። እንደገና ሄጄ የገደሉን ጠርዝና ግርጌ በጂፒኤስ ተከትዬ ለካሁ። እርማቱን በአዲሱ ከፍታ ሳሰላው ከዝቅታው 5 ሚሊጋል ያህል ተነሣ (ሚሊጋል የስበት ልዩነት የሚለካበት አሃድ ነው)። በደለሉና በመሠረተ አለቱ መካከል ያለው የእፍግታ ልዩነት በሴንቲ ሜትር ኩብ 0.4 ግራም ሲሆን፣ 1 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ደለል ስበቱን በ17 ሚሊጋል ገደማ ይቀንሰዋል። እንግዲህ እኔ ከገደሉ ሥር የሌለ 300 ሜትር ደለል ቀብሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን ከሣጥኑ ከማውጣቴ በፊት ከፍታውን አጠራለሁ፤ የ1 ሜትር የከፍታ ስሕተት ብቻውን 0.2 ሚሊጋል ያህል ያዛባል።

የመሃሉ ከፍታ ግን ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ፤ እዚህ ላይ ስሌቱ ትክክል ነበርና። አንድ ዓይነት የስበት ንባብ ከብዙ የተለያዩ የከርሰ ምድር ቅርጾች ሊመጣ ይችላል። ቀለል ያለ ደለል ስለሳሳ ወይም ከባድ አለት ከታች ስለተቀመጠ፣ የቱ እንደሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። ሌላ ምስክር ያስፈልግ ነበር፤ ያገኘሁትም ከማግኔቶቴሉሪክ ነው፤ ይህ የምድርን ተፈጥሯዊ የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ለውጥ በመለካት ከርሰ ምድሩ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚያሳይ ዘዴ ነው። የማግኔት መስኩን የሚለኩትን የሽቦ ጥቅልሎች ነፋስ እንዳያነቃንቃቸው ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናቸው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹንም አፈር አልብሰን ሌሊቱን ሙሉ እንዲመዘግቡ ተውናቸው። ውኃ ያዘለ ደለል ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል። ያ አሳላፊ ንብርብር ከፍታው በሚታይበት ቦታም እንደ ጎረቤቱ ወፍራም ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መሠረተ አለቱ አልተነሣም፤ ክብደቱ ከደለሉ በታች፣ ከጥልቅ የሚመጣ ነው።

ይህን አስቀድሜ መጠርጠር ነበረብኝ። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2003 በፍንዳታ ሞገድ የተካሄደው የኢግል ጥናት ከእሳተ ገሞራ ሰንሰለቶቹ ሥር ሞገድ በፍጥነት የሚያልፍበትን አካል አሳይቷል፤ የተተረጎመውም ሰርጎ ገብቶ የቀዘቀዘ ባዛልታዊ ቅልጥ አለት ተብሎ ነው። በአፋር ዳባሁ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 መሬቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ሲከፈት ክፍተቱን የሞላው ቅልጥ አለት ነበር። ስምጥ ሸለቆ በስብራት ብቻ ሳይሆን ሰርጎ በሚገባ ቅልጥ አለትም እንደሚሰፋ አንብቤ ነበር፤ ወረቀቴ ላይ ግን ስብራት ብቻ ሣልኩ።

ከዚያ በኋላ ከገደሉ አጠገብ ያሉትን ጣቢያዎች በ200 ሜትር አቀራረብኳቸው። አንድ ትልቅ ስብራት ብዬ የሣልኩት ወደ ተፋሰሱ የሚወርዱ ሦስት ደረጃዎች ሆኖ ወጣ። የስበቱ ለውጥ እጅግ የሚፈጥንበት ነጥብም ስብራቱ መሬት ላይ ከሚታይበት መስመር ወደ ተፋሰሱ ሸሸት ያለ ነው፤ ስብራቱ ተጋድሞ ስለሚወርድ። በሁለቱ ደረጃዎች ላይ ስበቱና ኤሌክትሪኩ ተስማምተዋል። በሦስተኛው፣ ከሁሉም ወደ መሃል በቀረበው ላይ፣ ስበቱ አለ ሲል ኤሌክትሪኩ የለም ይላል፤ እዚያ ቦታ ላይ ጣቢያዎቹን በ100 ሜትር አራርቄ እንደገና ለመለካት ነጥቦቹን ካርታው ላይ አስፍሬያለሁ።