«እንደምን አደራችሁ» ማለት ሲያቅተኝ፦ የአምስት ወር የሩጫ ማስታወሻዬ

ጠዋት ጠዋት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በአሞራ ገደል በኩል አብረን የምንሮጥ ሁሉ፣ ቃል የገባሁላችሁ ማስታወሻ ይኸው።

ጥቅምት ላይ ስጀምር የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ስልክ፣ ደብተርና የድካም ስሜትን በቁጥር የሚገልጸው የቦርግ መለኪያ ይበቁኛል። መለኪያውን ያወጣው ጉናር ቦርግ የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። ከ6 ይጀምርና 20 ላይ ያልቃል። 6 እረፍት ነው። 11 ቀላል፣ 13 ከበድ ያለ፣ 15 ከባድ፣ 20 ደግሞ ከዚያ ወዲያ አቅም የሌለበት። ለምን ከ6 እንደሚጀምር ግራ ገብቶኝ ነበር። ለካ ቁጥሩ በ10 ሲባዛ ወደ ጤናማ ጎልማሳ የልብ ምት እንዲጠጋ ታስቦ ነው። አንድ ቀን 13 ላይ እያለሁ ቆም ብዬ አንገቴ ላይ ምቴን ቆጠርኩ፤ በ15 ሰከንድ 33። በደቂቃ 132 መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ መለኪያውን አመንኩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሐይቁ ዳር 200 ሜትር ለክተን ምልክት አድርገናል። 800 ሜትር በ11 ስሜት፣ ትንሽ አርፌ በ13፣ እንደገና በ15 እሮጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን 6 ደቂቃ ከ40፣ 5 ከ45 እና 5 ከ05 ወጣ። ፍጥነቶቹን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ነጥቤ መስመሩን እስከ 20 ሳስረዝመው በደቂቃ 203 ሜትር ገደማ ላይ ደረሰ። ለሜዳማ መንገድ ሩጫ ፍጥነቱን በ0.2 አባዝቶ 3.5 መደመር ነው። 44 አገኘሁ። ይህ ቪኦቱ ማክስ የሚሉት ነው፤ ሰውነት በደቂቃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን በሚሊ ሊትር።

ለማመሳከር በሳምንቱ የኩፐርን የ12 ደቂቃ ሩጫ ሞከርኩ፤ በ12 ደቂቃ የቻሉትን ያህል ርቀት መሮጥ ነው። 2,350 ሜትር። ከርቀቱ 504.9 ቀንሶ ለ44.73 ማካፈል ነው፤ 41 ሆነ። የ3 ልዩነት ምንጩ እኔ ነበርኩ ብዬ አምናለሁ። «ቀላል» ያልኩት ፍጥነት እውነት ቀላል አልነበረም፤ ቀላል እንዲሆንልኝ የፈለግኩት ነበር።

ያን ያስተካከለልኝ ሰላምታ ነው። መረብ የሚፈቱትን ዓሣ አስጋሪዎች ሳልፍ «እንደምን አደራችሁ፣ ዓሣ ተገኘ ወይ?» እላለሁ። በአንድ ትንፋሽ ካለቀልኝ 11 ነው። «አደራችሁ» ላይ አየር ከሳብኩ 13። እጄን ብቻ ካነሳሁ 15 ደርሻለሁ። እስቲ ሞክሩት፣ ትንፋሽ አይዋሽም።

ታኅሣሥ ላይ ውጤቴ በአንድ ጊዜ ወደ 48 ዘለለ። ደስታዬን ለሁላችሁም አውርቼ ነበር፣ ይቅርታ። ያን ቀን ከመውጣቴ በፊት ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቼ ነበር። ካፌይን የድካም ስሜትን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ እግሬ ይፈጥናል፣ ራሴ ግን «ቀላል ነው» ይለኛል። በሳምንቱ ያለ ቡና ስደግመው 43። አሁን ቡናው ከፈተናው በኋላ ነው። ሰዓቱም አንድ ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፤ ፀሐይ ከበረታ ያው ፍጥነት ይከብዳል።

ይህ መለኪያ ከሁሉም በላይ የጠቀመው ጋሼን ነው። የደም ግፊት መድኃኒታቸው የልብ ምታቸውን ስለሚይዘው በምት ድካምን መለካት አይሆንላቸውም። ሐኪማቸው «በስሜትዎ ይመሩ፣ ከ13 አይለፉ» አሏቸው። እሳቸውም ከእኔ ይልቅ ይጠነቀቃሉ። እያወሩ ይራመዳሉ፤ ወሬው ሲቆራረጥ ዝግ ይላሉ።

የካቲት ላይ 13 ስሜት 5 ደቂቃ ከ20 ሆኗል። ያው ስሜት፣ ያው መንገድ፣ 25 ሰከንድ ቀንሷል። ከተሰላው ቁጥር ይልቅ የማምነው ይህን ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ዝቅ ባለ አገር ከሚሮጥ ሰው ጋር ቁጥር ማወዳደሩን ትቻለሁ።

የሚቀጥለው ፈተና ቅዳሜ ነው። የሚመጣ ካለ ደብተርና እስክርቢቶ ይያዝ፤ ቡናውን እኔ ጋ፣ ከሩጫው በኋላ።